የእናቴን አንገት የበላው አረንጓዴ

ዩቲዩብ ላይ «ከአረንጓዴው ጨርቅ ቢያንስ ሁለት ሜትር ራቁ» እያለ ቀረጻ የሚያስተምረውን ሰውዬ አንድ ቀን ባገኘው፣ እጁን ይዤ ቤቴ ባስገባው ደስ ይለኛል። ሁለት ሜትር! እሱ መኪና የሚያቆምበት ሰፊ ጋራዥ አለው። ግድግዳውን ሙሉ አረንጓዴ ቀብቶ፣ በግራም በቀኝም መብራት አቁሞ፣ «በጣም ቀላል ነው» ይላል። የእኔ ስቱዲዮ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል ሲኬድ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ ቀን የምቀርጽበት ማታ የምተኛበት አንድ ክፍል ነው። አልጋውን ግድግዳ ላይ ካላስደገፍኩት ሰው አይቆምበትም። ከጨርቁ ሁለት ሜትር ራቅ በል ያልኩት ሰው ደጅ ነው የሚወጣው።

ሥራዬ ይኸው ነው። አዲስ ሱቅ ለከፈተ ማስታወቂያ፣ ለአስተማሪ የትምህርት ቪዲዮ፣ ልደት ለሚያከብር መልካም ምኞት እሠራለሁ። ሰውየውን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቆመዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን ሁሉ ያጠፋና በምትኩ የተፈለገውን ያስገባል፤ ባሕር ይሁን ቢሮ፣ የባለቤቱ ምርጫ ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። ጨርቁ ከተጨማደደ ግን እያንዳንዷ እጥፋት ጥላ ትሠራለች፤ ጥላዋ ጠቆር ስለምትል ኮምፒውተሩ አያውቃትም፣ ሳይጠፋ የቀረ ቆሻሻ ሆና ከሰውየው ጀርባ ትንጠለጠላለች። የመጀመሪያው ጨርቄ ሳቲን ነበር፤ ባለሱቁ «ለሚዜ ቀሚስ ነው አይደል?» ብሎ ቀዶ ሰጠኝ። መብራት ሲያርፍበት አብለጭልጮ መሃሉ ነጭ ሆነብኝ። ሁለተኛው ጥጥ ነው። እሱ ደግሞ ሳይተኮስ አይሆንም፤ መብራት ከሄደ ካውያ የለም፣ ካውያ ከሌለ ቀረጻ የለም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን የዩቲዩብ አስተማሪዎቹ ምክር ነው። ነጭ አይለበስ፣ ነጭ የጨርቁን አረንጓዴ ይስባል። ስስ አይለበስ፣ በስሱ ውስጥ ጨርቁ ይታያል። አረንጓዴ ያለበት አይለበስ፣ አብሮ ይጠፋል። እሺ፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለበዓል የምንለብሰው ምንድነው? ነጭ ነው፣ ስስ ነው፣ ጥለቱ ላይ ደግሞ አረንጓዴ አይጠፋም። ይህን ነገር የፈጠሩት ሰዎች እኛ የምንባል ፍጥረቶች መኖራችንን የሰሙ አይመስለኝም። ያም ሆኖ እናቴን ለመቅረጽ እስከተነሳሁበት ጊዜ ድረስ ንዴቴ የሥራ ንዴት ብቻ ነበር።

እናቴ ጎጃም ተወልዳ፣ በትዳር ወደ አዲስ አበባ መጥታ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ያረጀች ሴት ናት። አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። ከአገጯ ሥር ጀምሮ እስከ አንገቷ ግርጌ እንደ ሐብል የተደረደረ ነው፤ ቀለሙን ጥቁር ነው እንዳይሉት ወደ አረንጓዴ ያደላል። የተነቀሰችው ኮረዳ ሳለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ተቀጣጥራ፣ ራሷ ወዳ ነው። «ያን ቀን ያላለቀሰች አልነበረችም፤ ከመቀመጫዋ የተነሳችም አልነበረችም» ትላለች እየሳቀች። የወንድሜ ልጅ ሕፃን ሆና እናቴ ጋር ስታድር፣ እንቅልፍ የሚወስዳት ያንን መስመር በጣቷ እየተከተለች ነበር።

ወንድሜን ግን ያ ንቅሳት እንደ እሾህ ይወጋዋል። የእናታችን የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ቤቴል ፎቅ ቤት የሠራ ሰው ነው። እንግዳ ሊያስተዋውቃት ሲል ቀድሞ ነጠላዋን አንገቷ ላይ የሚያስተካክልላት እሱ ነው፤ ብርድ እንዳይነካት ነው ይላል። አንድ ጊዜ በጨረር የሚያጠፉ አሉ ብሎ ሊወስዳት ቀጠሮ ሁሉ አስይዞ መጣ። «ቆዳዬን ልታስገፍፈኝ ነው?» ብላ ከበር መለሰችው። ከዚያ በኋላ ደግሞ አላነሳውም፣ ግን አልተወውም።

ልጁ ልታገባ ሆነ። እናቴ በዚያ ሰሞን ዳሌዋ ተሰብሮ ገና መጠገኑ ነበር፤ ሐኪሙ መኪናውንም ደረጃውንም ከልክሏታል። የልጅ ልጇን ሠርግ ማየት ቀረባት። ቢያንስ ምርቃቷ ይድረስ ተባለና፣ ቀርጬ አዳራሹ ውስጥ በትልቁ ስክሪን እንዲታይ ተስማማን። ለእናቴ ያ ቪዲዮ ሠርግ መሄዷ ነበር።

«ክፍሏ ውስጥ ነው የምቀርጻት» አልኩት ወንድሜን።

«ከዚያ ቆርቆሮ ሥር? አማቾቼ ናቸው እኮ የሚያዩት! አረንጓዴ ጨርቅሽ ለምንድነው? ከኋላዋ የሆቴል መናፈሻ አድርጊላት፤ ፏፏቴ ያለው።»

ሃምሳ ዓመት የኖረችበት ክፍል፣ እሱን ያሳደገችበት ክፍል፣ ለአማቾቹ ዓይን አልመጠነም። ተናደድኩ፤ ግን በሠርግ ሰሞን ጠብ አልፈልግም ብዬ ዋጥኩት። አሁን ሳስበው ያኔ ነበር መጮህ የነበረብኝ።

እናቴን ደግፈን ወደ እኔ ክፍል አስገባናት። መቆም ስለማትችል ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ከጨርቁ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ብርሃኑ ከአንዲት መስኮት በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው። ጥላዋ ጨርቁ ላይ ተጋድሟል፤ ነጠላዋ፣ ጉንጯ፣ አገጯ ሥር ሁሉ አረንጓዴ ነጸብራቅ ለብሷል። እንደማይሆን እያወቅሁ ቀረጽኩ፤ ምክንያቱም ቦታ የለኝም።

ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የፈራሁት ሆነ። ጥላው አልጠፋ አለ። የማጥፊያውን መጠን ጨመርኩ፤ ጥላው ሲሄድ የነጠላዋ ጫፍ አብሮ ሄደ። ትንሽ ስጨምር አንገቷ ተበሳሳ። ንቅሳቱ ባለበት ሁሉ ቆዳዋ ተከፍቶ ከኋላዋ ያለው ፏፏቴ ይታያል። እናቴ «ውለዱ፣ ክበዱ» እያለች በአንገቷ ውስጥ ውሃ ይወርዳል! አንድ አፍታ ሳቅኩ። የተረፈውን አረንጓዴ ነጸብራቅ ወደ ቆዳ ቀለም የሚመልስ ሌላ ማስተካከያ አለ፤ እሱን ስነካው ቀዳዳው ሁሉ ተደፈነ። አንገቷ ለስላሳ፣ ባዶ፣ የማንም ሴት አንገት ሆነ።

ወንድሜ የአዳራሹ ሰዎች ርዝመቱን ጠይቀውኛል እያለ ይነዘንዘኝ ስለነበር፣ «ተበላሽቷል፣ ደግሜ እቀርጻለሁ፣ ርዝመቱን ብቻ እየው» ብዬ ላክሁለት። ደቂቃ ሳይቆይ ደወለ።

«አንቺ ልጅ፣ ተአምር ነው የሠራሽው! ንቅሳቱ የለም እኮ!»

«ተበላሽቶ ነው አልኩህ እኮ የጠፋው።»

«እንዲህ ዓይነት ብልሽት ይብዛልን። እንዳትነኪው! ልክ የሰው እናት መስላለች።»

«የሰው እናት? የእኛስ?»

«ደሞ ጀመረሽ። ፎቶ ላይ ብጉር ታጠፊ የለ? ምን ለየው?»

«ብጉር ማንም ወዶ አያወጣም። ይሄን ወዳ ነው የተነቀሰችው። ጠይቃትና እሺ ካለች እተወዋለሁ።»

«በዚህ ዕድሜዋ ስለዚህ ምን ይጠየቃል?» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ይቺ «ምን ይጠየቃል» ናት ደሜን ያፈላችው። ክሊኒክ ሊወስዳት ሲመጣ እምቢ ማለት ችላ ነበር። አሁን እዚያው ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሳታውቅ፣ ያውም በልጇ ኮምፒውተር፣ ተገፈፈች።

ደግሜ ለመቅረጽ ቆረጥኩ። ሁለት ሜትር የሚገኘው ግቢው ውስጥ ብቻ ነው፤ ግቢው ደግሞ የሁላችንም የልብስ ማስጫ ነው። ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩትን ተከራዮች ለምኜ ገመዱን አስለቀቅሁ። ፀሐይ ካለች ጥላ ትጥላለች፤ ስለዚህ ደመና የሸፈነውን ጠዋት ጠብቄ ጨርቁን ተኩሼ ሰቀልኩት፣ በመቆንጠጫ ወጥሬ ከታች ድንጋይ ጫንኩበት። እትዬ የምንላት ጎረቤታችን አየር ጤና ያለውን ሱቋን ዘግታ መጥታ እናቴን አብራኝ ደገፈች። ወንበሩን ከጨርቁ አርቀን አርቀን አኖርነው። ነጠላዋን ደረብ አድርጌ ሳለብሳት እናቴ ከአንገቷ ገለጥ አደረገችው።

«ይታይ» አለች። «ልጅቷ ታውቀዋለች።»

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እናቴ አሜን የሚል ከሌለ አትመርቅም። «ካሜራው ነው የሚሰማሽ፣ ዝም ብለሽ ቀጥይ» ብላት አሜኑን ትጠብቃለች። በመጨረሻ ተከራዮቹ ከየበራቸው ወጥተው፣ እትዬም ጨምራ፣ እሷ አንድ ባለች ቁጥር በአንድ ድምፅ «አሜን» አሉ። «ቤታችሁ እንግዳ አይጣ» «አሜን!» «የተኳረፋችሁበት ቀን ሳይመሽ ታረቁ» «አሜን!» ድምፁ ተደበላልቆብኝ ነበር፤ ግን እንደዚያ ቀን ፊቷ ሲያበራ አይቻት አላውቅም።

ያን ዕለት አረንጓዴው ለዓይን በሚያስደስት ሁኔታ ጠፋ። ማጥፊያውን በጣም ጥቂት ብነካው በቃው። የነጠላዋ ዘርፍ ክር በክር ቀረ፤ ንቅሳቱ አንድ መስመር ሳይጎድልበት አንገቷ ላይ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ንጹሕ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም። ወንድሜን እንዳይከፋው ፏፏቴውን እንኳ አልቀየርኩበትም። «የሚታየው ይሄ ነው፣ የድሮውን አጥፋው» ብዬ ላክሁለት። «ደርሶኛል» አለኝ።

የሠርጉ ቀን ምሳ ከተበላ በኋላ መብራት ደብዘዝ ተደረገና «አሁን የሙሽራዋ አያት» ተባለ። ሙዚቃው ቆመ። ስክሪኑ ላይ የወጣችው ባለ ባዶ አንገቷ ሴት ናት።

ለአፍታ ተሳስተው ነው ብዬ አሰብኩ። ወደ ስክሪኑ ኦፕሬተር ሮጬ «ሌላው ፋይል የታለ?» ስለው «የተሰጠኝ ይሄ ብቻ ነው፣ እህቴ» አለኝ። የሙሽራው እናት «እናታችሁ እንዴት ያምራሉ፣ ምንም አላረጁም እኮ» ስትል ሰማሁ። ወንድሜ አጠገቧ ቆሞ በኩራት ይስቃል። ሙሽራዋን አየኋት፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስክሪኑን ትመለከታለች፣ የምትፈልገውን ያጣች ትመስላለች።

ወንድሜን ጥግ ላይ ያዝኩት።

«እንዴት እንዲህ ታደርጋታለህ?»

«ዛሬ የልጄ ሠርግ ነው፤ ድምፅሽን ቀንሺ። ሰው ሁሉ ወዶታል።»

በእናቱ የሚያፍር ሰው አዳራሽ ተከራይቶ፣ በእናቱ ምርቃት ሊከበር! ኬኩ ሳይቆረስ ታክሲ ይዤ ወጣሁ።

እናቴ ጸጉሯን ተሠርታ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ቤት ውስጥ ሆና ለሠርጉ ለብሳለች።

«ታየሁ?» አለችኝ ገና ከበር። «ልጅቷ አየችኝ? ምን አለች?»

በታክሲው ውስጥ መዋሸት እየተለማመድኩ ነበር የመጣሁት። አልቻልኩም። ስልኬን አውጥቼ ያሳዩትን አሳየኋት፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነም፣ ማን እንደመረጠውም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አየችው። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «ደውይለት» አለች።

ደውዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋት። ከጀርባው ሙዚቃውና እልልታው ይሰማል።

«እንኳን ደስ ያለህ ልጄ» አለች። «ሠርጉ አምሯል አሉኝ። ልጅቷ ግን አልተመረቀችም።»

«እንዴ እማዬ! መርቀሻት የለ እንዴ? አዳራሹ ሙሉ አይቶሻል!»

«እኔን ያየ የለም። ነገ ከባሏ ጋር ይዘሃት ና፤ እዚሁ ክፍሌ እመርቃታለሁ።»

«ነገማ መልስ ነው፤ አማቾቼ ቤቴ ይመጣሉ፣ እንግዳ ጥዬ እንዴት...»

«ምን ችግር አለው?» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን ከአንገቷ አውርዳ ጭኗ ላይ እያጠፈች። «አማቾችህንም ይዘሃቸው ና።»