ባዶ የተውኳቸው ሰባት መስመሮች

አርባ ምንጭ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ለማንም የማላሳየው አንድ ፎቶግራፍ ነበረኝ። የሰጠኝ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማረኝ መምህሬ ነው። እጅግ ሩቅ ያለ የጋላክሲዎች ስብስብ በትልቅ ቴሌስኮፕ የተነሳበት ሲሆን፣ ቀለሙ የተገላበጠ ነው፤ ሰማዩ ነጭ፣ ጋላክሲዎቹ ጥቋቁር ጠብታዎች። «በየዓይነታቸው ለይተህ ላክልኝ። ሥራህ ጥሩ ከሆነ ለረዳትነት ቦታ አቀርብሃለሁ» ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ከተማ መውጫዬ ይህ ወረቀት ነው ብዬ ያዝኩት። ከተማው ጥፋት አልነበረበትም። ግን ጆሮ ጠቢ በበዛበት በዚያ ዘመን እኛ መምህራን ሻይ ቤት ስንቀመጥ የምናወራው ስለ ሙቀቱ ብቻ ነበር፤ እሱ ሲያልቅ ተነሥተን እንበተናለን። የተከራየሁት ክፍል ሴቻ፣ ከከተማው የላይኛው ሰፈር ነው። ከበሩ ቁልቁል አባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱን ትንሽ አይቼ እገባለሁ። እንዴት ዋልክ የሚለኝ የለም።

ሥራው ቀላል መሰለኝ። እንዲህ ባለ ጥቅጥቅ ስብስብ መሀል ክንዳቸው የተጠማዘዘ ጋላክሲዎች ጥቂት ናቸው። የሚበዙት አዲስ ኮከብ የሚወለድበት ጋዝ ያለቀባቸው፣ ባረጁት ኮከቦቻቸው ብቻ የሚያበሩ ሞላላዎች ናቸው። ሞላላ የሚመደበው በመለጠጡ ልክ ነው። ረጅሙንና አጭሩን ወርድ እለካለሁ፣ ልዩነታቸውን ለረጅሙ አካፍላለሁ፣ በአሥር አባዛለሁ። ፍጹም ክቡ ዜሮ ይሆናል፤ በጣም የተለጠጠው ሰባት። ከስልሳ በላይ ጠብታዎችን በማስመሪያ ለክቼ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ሰንጠረዥ ሠራሁ። ቆንጆ ሰንጠረዥ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቀለሙ እንዲደርቅ ከፎቶግራፉ ጋር ደጃፌ ላይ ዘረጋሁት። ሰኞ ፖስታ ቤት ላደርሰው ነው። ግቢውን የምንጋራ፣ ከጨንቻ ደጋ የወረዱ አንድ ሸማኔ ነበሩ። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው፣ እግራቸውን እዚያ ሰድደው ይሸምናሉ። ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ያን ቀን ተነሥተው መጥተው አጎነበሱ።

«መምህር፣ ይህቺን ጨርቅ ማን አበላሻት?»

«ወረቀት ነው ጋሼ። እነዚህ የከዋክብት ስብስቦች ናቸው።»

«ኮከብ!» ሳቁ። «እኔ የማየው ዘይት ነው። ነጭ ሸማ ላይ ስንት ዘይት አይቻለሁ!»

ማስረዳት ስለምወድ ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋቸው። ታግሠው ሰሙኝና፣ ዜሮ የሰጠኋቸውን ሁለት ክቦች በጥፍራቸው ነኩ።

«እነዚህ አንድ ናቸው ትላለህ?»

«ሁለቱም ክብ ናቸው። ለክቻለሁ።»

«ዳራቸውን ነው የለካኸው፤ መሀላቸውን መች አየህ? ይህቺ አንዴ የፈሰሰ ዘይት ናት፤ እየሳሳች እየሳሳች ትጠፋለች። ይኼኛው ግን ሁለቴ ፈሷል። መሀሉ ወፍራም፣ ከዚያ ደረጃ አለው፣ ከዚያ እስከ ዳሩ ስስ። ይህን ሳይለይ የሚያጥብ ሸማ ይጨርሳል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ልክ ነበሩ። ምስር መሳይ የሚባሉ ጋላክሲዎች እንዳሉ ተምሬአለሁ። መሀላቸው ያበጠ፣ ዙሪያቸው ስስ ዝርግ ሳህን፣ ክንድ የሌላቸው። ከጎን ሲታዩ እንደ እንዝርት ይቀጥናሉ፤ ከፊት ሲታዩ ግን ዜሮ እንደሰጠኋቸው ሞላላዎች ክብ ናቸው። ማስመሪያ አይለያቸውም። እኔም ማስመሪያዬ ስለማይለያቸው እንደሌሉ ቆጥሬ አልፌአቸዋለሁ።

ሰኞ ፖስታ ቤት አልሄድኩም። ከባዮሎጂ ክፍል ማጉያ መነጽር ተውሼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ከሥራ ስመለስ ጋሼ መወርወሪያቸውን አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ደግነው «አንዴ» ይላሉ፤ «ሁለቴ» ይላሉ። አንዳንዴ እንከራከራለን። «አንተ ቁጥር ስታይ ዓይንህ ይጠፋል» ይሉኛል። እንዲህ ሁለት ሳምንት አለፈ። በዚያ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው። ሰባት ጠብታዎች ግን በጣም የደበዘዙ ስለነበሩ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካላወቅህ አላውቅም በል።» ሰባቱን መስመር ባዶ ተውኩ፤ ሸማኔ እንዳሳየኝም በደብዳቤ ጽፌ፣ ፎቶግራፉን አስቀርቼ ሰንጠረዡን ላክሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ፣ እንደ ብዙ ያገራቸው ሸማኔዎች፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተው አዲስ አበባ ሊሠሩ ተነሡ። የሽመና እንጨታቸውን እየጠቀለሉ፣ «አንተም መምጣትህ ነው፤ እዚያ እንገናኛለን» አሉኝ።

የመምህሬ መልስ የመጣው የማንጎው ፍሬ መርገፍ ሲጀምር ነው። «ሥራህ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ቦታው ለሌላ ተሰጠ። አዝናለሁ። ልየታህ ትክክል ነው። ሰባቱን እኔም አላወቅኋቸውም። ሸማኔውን ሰላም በልልኝ።»

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ማንጎው ሄድኩ። ጉድጓዱ በቅጠል ተሞልቶ ነበር። እግሬን ሰድጄ፣ እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥኩና ፎቶግራፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሰባቱን ጠብታዎች ፈለግኋቸው።