የእትዬ አስቴር ይግባኝ

ባለፈው ጸደይ አንዲት የታሪክ ተማሪ ከዙሪክ ደወለችልኝ። በወጣትነቴ ጄኔቭ የጻፍኩትን የመመረቂያ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አግኝታው ኖሯል። ጽሑፉ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአየርላንድ ጭሰኞች የኪራይ ክርክር በይግባኝ ለምን ይዘገይ እንደነበር የሚያትት ነው። «ለጭሰኞቹ ልብዎ እንደተነካ ያስታውቃል» አለችኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁና ሻዬ እስኪበርድ ኩሽና ውስጥ ተቀመጥኩ።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ እኔ ጄኔቭ የሕግ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ብዙ ጭሰኞች ነበሩት። መሬቱ በአዋጅ ሲወሰድ ማዘንም መደሰትም አቃተኝ። የአገሬን ጉዳይ ፊት ለፊት ማየት ስለከበደኝ ይሆናል የሩቁን የመረጥኩት። አየርላንድ ውስጥ ፍርድ ቤት ተገቢውን ኪራይ ይወስናል የሚል ሕግ ወጥቶ ነበር። ነገር ግን ባለመሬቱ ይግባኝ ሲል መዝገቡ ይከመራል፤ ገበሬውም ተራው እስኪደርስ ያልቃል። አቤቱታዎቻቸውን ሳነብ እንባዬ የመጣበት ቀን ነበር።

በዚያው ዘመን እሑድ እሑድ ከጄኔቭ ዳር ወዳለችው ሜራን እሄድ ነበር። እዚያ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት ሰፈር፣ የአንድ ረጅም ሕንጻ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ እትዬ አስቴር የሚባሉ የአዲስ አበባ ሴት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በትምህርት ቤት ምግብ ቤት ይሠራሉ። ባለቤታቸው ጋሽ ጌታቸው የቀድሞው መንግሥት ሹም ስለነበሩ አዲስ አበባ ታስረዋል። ከቅዳሴ በኋላ እትዬ አስቴር ሽሮ ይሠሩልኛል፤ እንጀራ ስለሌለ በባጌት ዳቦ እየቆረስን እንበላለን።

አንድ የመከር እሑድ፣ ቢዝ የሚሉት የሰሜን ነፋስ መስኮቱን እያንኳኳ፣ አንድ ደብዳቤ ሰጡኝ። ቤት አከራዩ ድርጅት፣ ሬዢው፣ ኪራይ በጣም ጨምሮባቸዋል።

«ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ግን በሠላሳ ቀን ውስጥ ነው» አልኳቸው።

«ጻፍልኝ እንግዲህ፤ ፈረንሳይኛዬን ታውቀዋለህ። ከዚህ ቤት መውጣት አልችልም። ጌታቸው ሲፈታ የሚያውቀው አድራሻ ይህ ብቻ ነው።»

ደብዳቤውን ከማስታወሻዎቼ መሀል ከተትኩት። አንድ ገጽ ማመልከቻ ነበር፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እኔ ግን ሦስተኛውን ምዕራፍ ለመጨረስ እቸኩል ነበር። ነገ እያልኩ ሰነበትኩ። ሥራ በዝቶብኛል የሚል ሰበብ ፈጥሬ የእሑዱን ጉብኝትም ተውኩት። ደብዳቤው እንደገና እጄ ሲገባ ቀኑ ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል።

በማግስቱ ሜራን ሄድኩ። በአውቶቡሱ ውስጥ እውነቱን ልናገር ወስኜ ነበር። እትዬ አስቴር በሩን ከፍተው ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ «ምን አሉ?» ሲሉኝ፣ «አስገብቻለሁ» አልኩ። «ግን ጊዜ ይፈጃል። አየርላንድ ውስጥ ዓመታት የጠበቁ አሉ።»

«እስከዚያ ምን ላድርግ?»

«የድሮውን ኪራይ ይክፈሉ» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ለውሸቴ የሚስማማው መልስ እሱ ስለነበር ነው።

«መጠበቅ ለምጃለሁ» አሉ።

የበረዶው ወራት ሳይወጣ ሬዢው ኪራይ ጎድሏል ብሎ ልቀቁ አላቸው። እኔም ይግባኙ ውድቅ ሆነ ብዬ ሌላ ውሸት ጨመርኩ። ዙሪክ ውስጥ ዜባህ በሚባል ሰፈር የምትኖር ዘመዳቸው ስለተቀበለቻቸው ሥራቸውን ትተው፣ በሁለት ሻንጣ፣ አንድ ቃል ጀርመንኛ ሳያውቁ ሄዱ። ባቡር ጣቢያ የሸኘኋቸው እኔ ነበርኩ። «ደከምክልኝ» ብለው አቀፉኝ። እኔ በሰኔ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቅሁ።

ፖስታ ቤቱ ደብዳቤያቸውን ወደ አዲሱ አድራሻ ያስተላለፈው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ወደ እስር ቤቱ ደግሞ ደብዳቤ አይገባም። ጋሽ ጌታቸው የተፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። በተፈቱ ሳምንት ለሜራን አድራሻ ጻፉ፤ ፖስታው «ተቀባይ አይታወቅም» የሚል ማኅተም ተመቶበት ተመለሰላቸው። ባልና ሚስት በሰው በሰው ተፈላልገው እስኪገናኙ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

በመጨረሻ ጋሽ ጌታቸው ዙሪክ ሲደርሱ ምሳ ጠሩኝ። የተመለሰውን ፖስታ አውጥተው አሳዩኝ። «ይህን ሳይ ትታኝ የሄደች መሰለኝ» አሉና ሳቁ። እትዬ አስቴር አልሳቁም፤ ሳህኔ ላይ ወጥ ጨመሩልኝ። ያን ቀንም አልተናገርኩም፤ ከዚያ በኋላ በተከታተሉት ዓመታትም።

ጋሽ ጌታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። ተማሪዋ በደወለችልኝ ሳምንት ዜባህ ሄጄ ለእትዬ አስቴር ሁሉን ነገርኳቸው። ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ።

«እሱ በሕይወት እያለ ለምን አልነገርከውም?» አሉኝ። «ሲቀልድ ትሰማው ነበር እንጂ፣ እስኪሞት ድረስ በገዛ ፈቃዴ አድራሻዬን ያጠፋሁ ይመስለው ነበር። እኔ ስምልለት አያምነኝም ነበር። አንተን ግን ያምንህ ነበር።»

ለዓመታት ያሰብኩት ስለዚያች አንድ ገጽ ማመልከቻ ነበር፤ ዝምታዬ በየቀኑ አንድ ቤት ውስጥ ሲያጠፋ የኖረውን አላየሁትም። እሳቸውም ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። ስወጣ «እስቲ ልሰንብትበት» ብለው በሩን በቀስታ ዘጉት። ይኸው ወራት አለፉ፤ እየጠበቅሁ ነው። ምን ያህል ይፈጃል ብሎ የመጠየቅ መብት ያለኝ አይመስለኝም።