ገብረ መስቀል ማን ነው?

ዳባት ላይ የታሰርኩበት ቤት እስር ቤት አልነበረም፤ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ለመሆኑ የትኛው ጣቢያ ነበርክ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው። የምን ጣቢያ! ደባርቅ መናኸሪያ፣ ጎንደር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ ሁለት ሰዎች መጡና «መምህር፣ ለአጭር ጥያቄ ነው» ብለው አወረዱኝ። ስልኬን ተቀበሉኝ፣ ቀበቶዬን አስፈቱኝ፣ ፒካፕ ላይ ጫኑኝ። ያን አጭር ጥያቄ እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም። ሰው ካሰርክ ቢያንስ ጠይቀው እንጂ!

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ማዳበሪያው ተጭኖ አልቋል፤ ሽታው ግን ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፣ ዓይን ያቃጥላል። መስኮት የለም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ነው። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ሲመሽ ከስሜን ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ባዶ ከረጢት አንጥፈን እንተኛለን። ጥግ ላይ ባልዲ አለ። ስለ ባልዲው አልናገርም።

አጠገቤ የሚተኛው ከስሜን ተራራ የጊች መንደር ሰው ነበር። ቱሪስት በነበረ ጊዜ በቅሎ ይጭን ነበር፤ ቱሪስት ከቀረ ወዲህ ገብሱን ያርሳል። በቅሎው ላይ ገብስ ጭኖ ሲሄድ አስቁመው «ለማን ነው የምታደርሰው?» አሉት። «ለሚስቴ።» «ሚስትህ ጫካ ናት እንዴ?» ይህን በተናገረ ቁጥር እሱ ይስቃል፣ እኔ ደሜ ይፈላል። «መምህር፣ አንተ ተናደህ ተናደህ ትፈነዳለህ፣ ከዚያ እኔን ገደልክ ይሉኛል» ይለኝ ነበር።

መምሬን ያመጧቸው ከእኔ በኋላ ነው። ጃናሞራ ውስጥ አንዲት የገጠር ደብር የሚያገለግሉ፣ ሰባውን ያለፉ ቄስ ናቸው። ጥፋታቸው ጫካ ገብቶ የሞተ አንድ የሰፈራቸውን ልጅ በፍትሐት መቅበር ነው። ጥምጥማቸውን በር ላይ አስፈቷቸው። «ራስ የሚታነቅበት ጨርቅ አይገባም» አለ ጠባቂው። ሲገቡ እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው፣ ልብሱን እንደገፈፉት ሰው አፍረው ነበር። እንደ አባቴ ያሉ ሰው! ያን ቀን ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

በማግስቱ ማለዳ ሁላችንንም የክርስትና ስማችንን ጠየቁን። የዓለሙን ስማችንን አልፈለጉትም። «እሱንማ ጠባቂውም ያውቀዋል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ገና ጎሕ ሲቀድ ይቆማሉ፣ ጸሎታቸውን ያደርሱና እያንዳንዳችንን በክርስትና ስማችን እየጠሩ «አስበው» ይላሉ፤ እኛ «አሜን» እንላለን። ትልቅ ሰው ሆኜ እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ አልነበረም። ግንባሬን ከግድግዳው አስደግፌ ነበር የምሰማው።

የእኛ ሲያልቅ ደግሞ የማናውቃቸውን ይቀጥላሉ። ኃይለ ሚካኤል፣ ወልደ ሰንበት፣ ወለተ ኪዳን፣ ገብረ መስቀል፣ ሌሎችም ብዙ። ዘመዶቻቸው ናቸው ብለን አሜን አልን። በር ላይ የሚቆመው ጠባቂ ግን ሌላ ነገር ጠረጠረ። ሽማግሌው በግእዝ አድርጎ የሽፍቶች የምስጢር ስም ያወራል ብሎ ለአሳሪዎቻችን ኃላፊ ነገረ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገ የደባርቅ ልጅ የክርስትና ስም ሰምቶ የምስጢር ስም ነው ሲል! ወይ ጉድ!

ኃላፊው ቀን ላይ መጣ። በዕድሜ እኩያዬ ነው። ጥቁር መነጽር፣ ንጹሕ ስኒከር። በሩ ተከፈተ፣ አግዳሚ ወንበር ገባለት፣ ተቀመጠ። እኛ ፀሐዩ ዓይናችንን ወግቶን እያርገበገብን እናያለን።

«አንተ ቄስ፣ ተነሥ።»

አንተ! ሰባ ዓመት ያለፉ ካህን! ጥፊውን እንኳን ከዚህ በፊት ለምጄዋለሁ፣ ይህችን «አንተ» ግን እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም። የጊቹ ሰው ክንዴን ጨብጦ ያዘኝ።

መምሬ ተነሡ።

«በየማለዳው የምትጠራቸው እነማን ናቸው?»

«ልጆቼ ናቸው።»

«የመገናኛ ስማቸው ነው። ጫካ ያሉት ናቸው፣ አይደለም?»

«ጫካ ያለም አለበት፣ ከተማ ያለም አለበት» አሉ መምሬ በዚያ በዝግታ በሚሄደው አነጋገራቸው። «ያጠመቅኳቸው ናቸው፤ እግዜር ያስታወሰኝን ያህል።»

«አፈር ስሆን፣ ምነው ዝም ቢሉ!» አለ የጊቹ ሰው በሹክሹክታ።

ኃላፊው ወደፊት ዘንበል አለ። «እንግዲህ ሽማግሌ ነህ፣ ላስቸግርህ አልፈልግም። የማን ስም እንደሆነ አንድ በአንድ ትነግረኛለህ፤ ሁዳዴን ቤትህ ትይዛለህ። እምቢ ካልክ ነገ ጠዋት ቆላ ትወርዳለህ።»

ቆላው ካምፕ ማለቱ ነው። ወባው፣ ሙቀቱ፣ ውሃው። ጎልማሳውን እንኳን በቃሬዛ እንደሚያወጡት ሁላችንም ሰምተናል። መምሬም ሰምተዋል።

«ኃይለ ሚካኤል ማን ነው?»

ዝም አሉ። ጠባቂው እጃቸውን ወደ ኋላ ጠመዘዘው።

«ወልደ ሰንበት ማን ነው?»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገብረ መስቀልስ? ገብረ መስቀል ማን ነው?»

መምሬ ቀና ብለው አዩት። ብዙ አዩት።

«ልጄ፣ የሌላውን ለአንተ አልነግርም። የክርስትና ስም ለመቅደስ ነው እንጂ ለምርመራ አይደለም። የራስህን ከጠየቅከኝ ግን ያንተው ነው፣ ልከለክልህ አልችልም። ገብረ መስቀል አንተ ነህ።»

ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ ይሰማል።

«ምን?»

«እናትህ እኛ አገር መጥታ፣ እናቷ ቤት ነው የወለደችህ። መልክህ እሷን ነው፤ እነዚህ ጠባቂዎች የዓለም ስምህን ሲጠሩ ደግሞ አረጋገጥኩ። በአርባ ቀንህ እኔ ነኝ ያጠመቅኩህ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ስትጮህ ደብሩን አናጋኸው።»

የጊቹ ሰው ሳቀ። አላስቻለውም። ጠባቂው በሰደፍ ትከሻውን አለው፤ ወድቆም ፊቱን በከረጢት ሸፍኖ ይስቅ ነበር።

ኃላፊው እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። ማዕተብ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ደረሰ፤ እዚያ ምንም አልነበረም። እጁን መለሰው። መነጽሩን አላወለቀም፤ ዓይኑን ብናየው ምን እናይ እንደነበር አላውቅም። ተነሣና ለጠባቂው «ይህን ውሸታም ነገ ጠዋት ጫነው» ብሎት ሄደ። በሩ ተዘጋ።

አቤት ያን ጊዜ የተናደድኩት ንዴት! በኃላፊው አይደለም፤ በእሱማ የዘወትሬ ነው። በመምሬ ነው የተናደድኩት።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ በዚህ ሰውዬ ስም ነው አሜን ያስባሉን?» አልኳቸው። ጮኼ ነው የተናገርኩት። «ለሚገርፈን? ጥምጥምዎን ለሚያስወልቅ?»

«አዎ» አሉ። ተቀምጠው ያበጠ የእጅ አንጓቸውን ያሻሹ ነበር።

«እሱ ደግሞ የምን ክርስቲያን ነው? ሕዝቡን ስብሰባ ጠርቶ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጎን ካልቆመች ብሎ የሚፎክር ነው!»

«ጫካ ያሉትም መጥተው እንዲሁ ብለውኛል» አሉ መምሬ። «በከተማው ሹመኛ ሁሉ ላይ ውግዘት አውጡ አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። የኔ ናት ይላል ያም፣ የኔ ናት ይላል ይህም። ቤተ ክርስቲያን ግን አንዲት ናት፣ ጃናሞራም ትሁን ደባርቅ፣ ባሕር ማዶም ትሁን። ከሁሉም በላይ ናት። ራሷ ክርስቶስ ነው፤ እኛ ብልቶቹ ነን። እና ጣት ተነሥታ፣ ያችን ሌላዋን ጣት እኔ ልቁረጣት ትላለች?»

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። «የበሰበሰ ጣት ይቆረጣል!» አልኳቸው። «ካልተቆረጠ ገላውን ሁሉ ይጨርሳል!»

«ይቆረጣል» አሉ። «ሐኪሙ ይቁረጠው። አንተ ሐኪም ነህ?»

የጊቹ ሰው ትከሻውን ይዞ ከተኛበት «መምሬ፣ እርስዎ ግን አልተናደዱም?» አላቸው።

መምሬ አንጓቸውን ወደ ብርሃኑ አነሡት። ጠቁሯል።

«አልተናደድኩም ብዬ ልዋሽህ? ቤተ ክርስቲያን የኔ ቤት ብትሆን ኖሮ፣ ይህን ልጅ ዛሬውኑ ጎትቼ አስወጣው ነበር። በሩንም እኔ ራሴ ነበርኩ የምዘጋበት። የኔ አይደለችም፤ ምን ላድርግ?»

እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ጠዋት ጸሎት ሳይጀምሩ ፒካፑ መጣ። መምሬ ሲነሡ እኔ ሸሚዜን አወለቅኩና ራሳቸው ላይ ጠመጠምኩላቸው። አጠማጠሙን አላውቅበትም፤ ተንጋዶ ነበር። ጠባቂው አየ፣ እኔም አየሁት። በዚያች ሰዓት ቢነካት ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። አልነካትም። መምሬ የተንጋደደውን በጤናማ እጃቸው አቃኑና «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» ብለው ወጡ።

ሞተሩ ሲርቅ ሁላችንም ቆመን ነበር። የሚጸልይልን የለም። የጊቹ ሰው በጤነኛ ትከሻው ገፋኝ። «አንተ ተማርክ አይደል? ጀምር።»

እኔ እንኳን ቅዳሴ ጨርሼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። አቡነ ዘበሰማያትን አልን። ከዚያ ስሞቹን ጀመርኩ፤ ሲደጋገሙ በቃሌ ገብተዋል። የእኛን ጠራሁ። ኃይለ ሚካኤልን፣ ወልደ ሰንበትን፣ ወለተ ኪዳንን ጠራሁ። እዚያ ላይ ቆምኩ።

«እለፈው» አለ የጊቹ ሰው።

ማለፍ ፈልጌ ነበር። እግዜር ያውቃል ፈልጌ ነበር። ነገር ግን መምሬ የጠሩትን ስም እኔ ከሰረዝኩ፣ ያ ሰውዬ ሽማግሌውን ቆላ አውርዶ ጸሎታቸውንም አበላሸ ማለት ነው። ይህን ደግሞ አልሰጠውም! ጥርሴን ነክሼ፣ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ እንዲሰማ አድርጌ ጮክ ብዬ «ገብረ መስቀልንም አስበው» አልኩ።

አሜን ለማለት ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ የጊቹ ሰው አለ፣ ሌሎቹም ተከተሉት።

«መምሬንስ?» አለ ከኋላ አንዱ።

አፌን ከፈትኩ፤ የምጠራው ስም የለኝም። የሁላችንን ስም ተቀብለው ሲጠሩን የእሳቸውን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። የአሳሪያችንን የክርስትና ስም እናውቃለን፣ የእሳቸውን አናውቅም። «ስማቸውን አንተ የምታውቀውን አባታችንን አስብ» አልኩና ተቀመጥኩ።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን በሩን ከፍተው «ሂድ» አሉኝ። አሁን ደባርቅ ተመልሼ አስተምራለሁ። ኃላፊው ተዛውሯል፤ የት እንዳለ አልጠየቅኩም። መምሬ ከቆላ አልተመለሱም። ሰው በፍትሐት ቀበሩ ተብለው የታሰሩ ካህን፣ እሳቸው የት እንደተቀበሩ የሚናገር ጠፋ።

መንገዱ ሲከፈት ጃናሞራ ወጣሁና ባለቤታቸውን ፈልጌ አገኘኋቸው። ስለ መጋዘኑ ነገርኳቸው፣ ስለ ተንጋደደችው ጥምጥምም ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅኳቸው።

«የክርስትና ስሙን ብለህ ይህን ሁሉ ዳገት ወጣህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እናቴ።»

ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የሚጠራበት ቦታ አለው።

እሑድ እሑድ ደባርቅ ቅዳሴ እቆማለሁ። ካህኑ በልባችሁ ያሰባችኋቸውን አስቡ ሲል የሁለት ሰው ስም እጠራለሁ። የመምሬን ስጠራ ድምፄ ይሰበራል። የዚያኛውን ስጠራ አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ። ቤቷ የኔ ብትሆን ኖሮ አንዱን ብቻ ነበር የምጠራው።