ሠላሳ ስምንት ኩንታል ማሾ

ነገሩ በጠቅላላው መቶ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር ፈጅቶብኛል። ሶፍትዌሩ አርባ ሁለት ሺህ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ሠላሳ ስድስት ሺህ፣ ፕሪንተሩ ሃያ ሺህ። ሊገጥምልን ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ በሁለት ቀን የበላውና ያደረበት ደግሞ አምስት ሺህ አምስት መቶ። ሰውየው ጥብስ ይወዳል። ክፍሉም ቬንትሌተር ያለው ካልሆነ አልተኛም አለ፤ በዚህ እንኳ አልፈርድበትም። ከዚህ ሌላ የአንድ ሽማግሌ አንድ ዓመት ሄዷል። እሱን በብር መተመን አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር።

ሥራዬ እህል ነው። ከካራቆሬና ከማጀቴ ገበያ ማሾ እየሰበሰብኩ ሸዋ ሮቢት አከማችና አዲስ አበባ ላሉ ላኪዎች እጭናለሁ። ሃያ ዓመት ሂሳቤን የያዝኩት በአንድ ደብተር ነው፤ ጽሕፈቴን ከኔ በቀር የሚያነበው ስላልነበረ መቆለፊያ አላስፈለገውም። ኋላ ገቢዎች «ደረጃህ ከፍ ብሏል፣ በሥርዓት መዝገብ ያዝ» አሉኝ። ከፍ ማለቴን የሰማሁት ከነሱ ነው፤ ቤቴ ውስጥ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ሶፍትዌሩ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለዕቃ፣ አንዱ ለገንዘብ። ከመጋዘን የወጣው ዕቃ ከገባው ብር ጋር ይመሳከራል፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። እኔ የዕቃው ይበቃኛል አልኩ። የሽያጬን ብር ማሽን ውስጥ ማስገባት ሰው ፊት ኪስ እንደመገልበጥ ሆኖ ታየኝ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው በግማሹ ብቻ ነው የሚሠሩበት» አለኝ ባለሙያው።

«ታዲያ ግማሽ ዋጋ ትቀበለኛለህ?»

አልተቀበለኝም።

ኮምፒውተሩን የያዘችልኝ ደብረ ብርሃን አካውንቲንግ ተምራ የመጣች የእህቴ ልጅ ናት። እሷ አስፋልቱ ዳር ካለው ቢሮ ትቀመጣለች፤ መጋዘኑ ከኋላ ሠፈር ነው። መጋዘኑን የያዙልኝ ሽማግሌ ከአሊዩ አምባ በኩል የመጡ ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ለሐጅ ጉዞ እያጠራቀሙ መሆኑን አገር ስለሚያውቅ ገና ሳይሄዱ ሁሉም ሰው «ሐጂ» ይላቸዋል። ጫኞቹማ «የቀብድ ሐጂ» ነው የሚሏቸው። እሳቸውም «እናንተ ራሳችሁ የቀብድ ሰው ናችሁ፣ ቀሪው መቼም አይከፈልም» ይሏቸዋል።

አሠራራችን ቀላል ነበር። ሐጂ የገባውንና የወጣውን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋሉ፤ ወረቀቱ በባጃጅ ቢሮ ይመጣል፤ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ትሞላዋለች።

በሦስተኛው ወር ቆጠራ አደረግን። ኮምፒውተሩ ሰባ ዘጠኝ ኩንታል ማሾ አለ ይላል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው አርባ አንድ ነው። ደግመን ቆጠርን፤ አርባ አንድ።

ሽያጬን አሁንም የምጽፍበትን ደብተር ባገላብጥ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ግን መቶ ሺህ ብር ከፍዬ ተመልሼ ደብተር ላገላብጥ? ማሽኑን አመንኩ። ማሽን ዘመድ የለው፣ ለማን ብሎ ይዋሻል? ሐጂን ጠራኋቸው።

«ሠላሳ ስምንት ኩንታል የት ሄደ?»

«እንጃ። እኔ አልወሰድኩም።»

«ወላሂ ይበሉኛ።»

«ለማሾ ወላሂ አልልም» አሉ። «አልወሰድኩም ብያለሁ። ቁልፉ ግን ከኔ ጋ ነው፤ አማና ነው። ከጎደለ የጎደለው ከኔ እጅ ነው።»

«እንግዲያው ግማሹን እኔ እችላለሁ፣ ግማሹን እርስዎ» አልኳቸው፤ ቸርነት መስሎኝ። ማሾ በዚያ ሰሞን በኩንታል ስምንት ሺህ ነበር፤ የሳቸው ድርሻ መቶ ሃምሳ ሁለት ሺህ ብር ይመጣል። በሳምንቱ በጥቁር ፌስታል ቋጥረው ይዘውልኝ መጡ። ከየት እንዳመጡት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የሐጅ ምዝገባ ሊጀመር ነበር።

«ቀስ ብለው ይክፈሉ እንጂ፣ ማን አጣደፈዎት?»

«የሰው ሐቅ ተሸክሜ እዚያ አልቆምም። ቁጠረው።»

ቆጠርኩት። ልክ ነበር።

ሥራቸውን አልተዉም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋዘኑን ሲዘጉ ቁልፉን ቢሮ ድረስ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ጠዋት መጥተው ይወስዳሉ። አሥራ አንድ ዓመት ቤታቸው ሲያድር የኖረ ቁልፍ ነው። ተዉ ብላቸውም በማግስቱ ያንኑ አደረጉ።

ዓመቱ ሲዘጋ የዕቃ ዝርዝር አሳትሜ ገቢዎች ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችውና ሳቀች።

«ማዳበሪያ መነገድ የጀመሩት መቼ ነው?»

«እኔ? ማዳበሪያ?»

«ሠላሳ ስምንት ኩንታል አውጥተዋል እኮ። ገዝተው ቢሆን ደግ ነበር፤ ሳይገዙ ነው ያወጡት። ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ይላል። አባቴ በማኅበር ተመዝግቦ ያጣውን እርስዎ ከየት አመጡት?»

ቁጥሩን ስሰማ ወንበር ሳትሰጠኝ ተቀመጥኩ።

እኛ አገር ማዳበሪያ የመጣበትንም ከረጢት ማዳበሪያ ነው የምንለው። ውስጡ ማሾ ይሁን ከሰል፣ ስሙ ማዳበሪያ ነው። ሐጂ ዕቃ ሲያወጡ የሚጽፉት በምን እንደተጫነ ነው፤ ጆንያ ከሆነ ሚዛን ላይ ለጆንያው ኪሎ ይቀነሳል፣ ማዳበሪያ ከሆነ አይቀነስም። ጆንያ በተወደደ ሰሞን በሁለት አይሱዙ የላክነውን «ማዳበሪያ ወጣ፣ ሃያ ኩንታል»፣ «ማዳበሪያ ወጣ፣ አሥራ ስምንት ኩንታል» ብለው ጻፉ። መጋዘኑ ውስጥ ከማሾ በቀር ሌላ ስለሌለ ማሾ ብሎ መጻፍ ለሳቸው ቀለም ማባከን ነው። ሶፍትዌሩ ግን የዕቃ ስም ተሞልቶለት ነው የመጣው። «ማዳበሪያ» የሚል መስመር ውስጡ ተቀምጦ ሰው ይጠብቅ ነበር።

ቢሮ ተመልሼ የእህቴን ልጅ ያዝኳት።

«ከረጢት መሆኑ ጠፍቶሽ ነው?»

«ጆንያ ሲሉ ማሾ ላይ ነው የምሞላው። ይሄኛውን ግን...» ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። «በጎን ማዳበሪያ የጀመሩ መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

«በጎን?»

«እርስዎ የማይነግዱት ምን አለ? ያለ ደረሰኝ ገዝተውት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ፤ ማሾው ሲጎድልም ከሱ ጋር አላያያዝኩትም። ለርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ለኔ ብለሽ ከሆነ ለገቢዎች ለምን አተምሽው?»

«ማተሙንማ ሁሉንም ነው የሚያትመው።»

የምቆጣበት ጠፋኝ። ደብተሬን አወጣሁ። ሃያውም አሥራ ስምንቱም በጽሕፈቴ ተጽፈዋል፤ ብሩንም ተቀብዬ ጨርሻለሁ። የገንዘቡን ክፍል ብንሞላው ኖሮ በዚያው ሳምንት ይጋጭ ነበር።

መቶ ሃምሳ ሁለት ሺውን ይዤ መጋዘን ሄድኩና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለሐጂ አወራኋቸው።

«በማዳበሪያ የተጫነውን ምን ብዬ ልጽፈው ኖሯል?» አሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። አውፍ ይበሉኝ።»

«አውፍ ብያለሁ።» ገንዘቡን ተቀብለው መቁጠር ጀመሩ፤ መሐል ላይ አቆሙ። «ምዝገባው ግን አልፏል።»

«ለከርሞ ዋጋው ከጨመረ ጭማሪውን እኔ...»

«ተወው።»

«ምነው?»

«ያን ጊዜ ደግሞ ያንተ ሐቅ ይኖርብኛላ።»

ካቆሙበት ቀጥለው ቆጥረው ጨረሱ።

በማግስቱ የእህቴ ልጅ ሁለቱን ወረቀቶች ማሾ ላይ መልሳ ሞላቻቸው። ሦስታችንም መጋዘን ገብተን ቆጠርን። ማሾ፣ ሃያ ስድስት ኩንታል። ማዳበሪያ፣ ዜሮ። ጉድለት፣ ዜሮ።