ሚስ ኦፓልና ወታደር መሳዩ ጠመንጃ

ኦፓል ቴነንት ጠመንጃውን የገዛችው ለትከሻዋ ብላ ነበር። ባለፈው የበረዶ ወቅት የቀኝ ትከሻዋ በቀዶ ጥገና ከተጠገነ ወዲህ ከአባቷ የወረሰችውን ባለ እንጨት ሰደፍ ጠመንጃ አንስታ ማነጣጠር አልሆነላትም፤ አፈሙዙ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዝባታል። የጠመንጃ መደብሩ ሻጭ ይህን ሲሰማ ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር ነገር አወረደላት። መልኩ ወታደሮች የሚይዙትን ይመስላል፤ ሰደፉ እንደተፈለገ የሚረዝምና የሚያጥር፣ ከብረቱ ፕላስቲኩ የሚበዛ። የሚተኩሰው ግን ያችኑ ባለ ካሊበር ሃያ ሁለቷን ትንሽ ጥይት ነው፤ ኦፓል በምትኖርበት በሊክ ፎርክ ሸለቆ ሰው ሁሉ ሽኮኮ ማደን የጀመረባትን።

ኦፓል ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ሞከረችው። እንደ መጥረጊያ ቀለላት።

«ይሄ መጫወቻ ነው ጠመንጃ?» አለች።

«እንደያዘው ሰው ነው፣ ሚስ ኦፓል» አላት ሻጩ።

በሸለቆው ከሃምሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ «ሚስ ኦፓል» ነው የሚላት፤ አንቺ ብሎ የሚደፍራት የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። ዛሬ ጢማቸው የሸበተ ወንዶች ሁሉ አንድ ጊዜ ትሪ ይዘው ከፊቷ ተሰልፈዋል፤ ማን አተር እንደሚጠላና ማን ሁለተኛ ኩኪስ እንደሚሰርቅ እስከ ዛሬ አልረሳችም።

ከዚያ ወጥ ቤት በጡረታ ስትወጣ ደግሞ ሌላ ወጥ ቤት ጠበቃት። የሊክ ፎርክ ተኳሾች ማኅበር በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ከተራራው ማዶ ካሉት የሃከል ሪጅ ሰዎች ጋር ይወዳደራል። ከየወገኑ አምስት ተኳሽ ይሰለፋል፤ የቀረው ያጨበጭባል፣ ይበላል። የሚበላውን የምትሠራው ኦፓል ናት፤ ቦሎቄ ከአሳማ ጭን ጋር፣ የበቆሎ ዳቦ፣ የፖም ኬክ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማኅበሩ አባል ሆና፣ በየሳምንቱ ኢላማ ስትመታ ቆይታ፣ ውድድሩ ሲደርስ ግን ሽርጧን ታስራ ድስት ታማስላለች። ውጪ ተኩስ ሲጀመር በመስኮቱ በኩል ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ዘንድሮ ከአምስቱ አንዱ ልጁ ጋ ሊኖር ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። አምስተኛው ቦታ ባዶ ሆነ። አለቃው ኦርቪል «ቦታውን የሚፈልግ ስሙን ይጻፍ» ብሎ ወረቀት ለጠፈ። ኦፓል ሽርጧን እንዳሰረች ከወጥ ቤት ወጥታ የመጀመሪያዋ ሆና ጻፈች። ከእሷ በታች የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሮይስ፣ የአርባ አራት ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር፣ ባለ እንጨት ሰደፍ ጠመንጃውን እንደ ሙሽራ የሚያብስ።

ጥቁሩን ጠመንጃ ይዛ የመጣች ቅዳሜ ሜዳው ላይ የነበረው ወሬ ሁሉ ቀጥ አለ።

«ሚስ ኦፓል፣ ጦርነቱ የት ነው? ይንገሩንና እኛም እንዘጋጅ እንጂ!» አለ ሮይስ።

«ጦርነቱማ አልቋል። ሦስተኛ ክፍል ሆነህ ካሮት አልበላም ስትል ከአንተ ጋር ነበር። ያሸነፍኩትም እኔ ነኝ።»

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። ያልሳቀው ኦርቪል ብቻ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሲስቅም የሚስቀው በአንድ ዓይኑ ነው ይሉታል። ጠመንጃውን አገላብጦ አየና መለሰላት።

«መልኩ ግድ የለኝም፣ ኦፓል። ሁለት ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሳይሰነቀር ይተኩሳል? የመታውን ቦታ መልሶ ይመታል? በእኛ ደንብ ጥይት ቢሰነቀርብሽ ድጋሚ የሚባል ነገር የለም። የባከነው ባከነ ነው።»

«አሁኑኑ እናየዋለን!»

ባታየው ይሻላት ነበር። በባልዲ ከሚሸጠው ርካሽ ጥይት አንድ መቶ ተኮሰች። አራት ጊዜ ቀለሁ ሊወጣ ሲል መውጫው ላይ ተሰነቀረ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ከሸፈ። ኢላማዋ የተበላ ብስኩት ይመስላል።

«ሚስ ኦፓል፣ ጠላት ሲመጣ ‹አንዴ ቆየኝ› ይበሉት!» አለ አንዱ ከኋላ።

ኦፓልም አብራ ሳቀች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን ሳቁ ጠፋ። በዚህ ዓይነት ጥቅምት ሲደርስ የት እንደምትሆን ታውቀዋለች፤ ያው መስኮት፣ ያው ቆጠራ።

ቤት ስትደርስ ባሏ ዶርሲ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ዶርሲ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም፤ ጆሮው ስለሚጮህበት ዓሣ ማጥመድ ይመርጣል።

«ሸጬ ልምጣልሽ?» አላት ፊቷን አይቶ።

«አልሸጥም። ይኼ ጠመንጃ አልተበላሸም፤ ምግቡ ነው ያልተስማማው። ስንት ዓይነት ልጅ አብልቼ የለ?»

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ወጥ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ያደረገችውን ነው። ስምንት ዓይነት ጥይት ገዛች፤ ከየዓይነቱ ሃምሳ ሃምሳ። ከጎተራው ጀርባ ባለው የአፈር ቁልል ላይ ኢላማ ሰቅላ፣ የበሰለ እንደሚቀምስ ሰው እየቆመች፣ እያየች፣ በደብተር እየጻፈች ተኮሰች። ቀዩ ካርቶን፤ ሦስት ጊዜ ተሰነቀረ። ሰማያዊው፤ አልተሰነቀረም፣ ግን የሚመታው እንደተዘራ ስንዴ ነው። ባለ መዳቡ፤ ድምፁ ትልቅ፣ ሥራው ትንሽ። ስድስተኛው ላይ፣ በአረንጓዴው ካርቶን፣ አምስት ጥይት ተኩሳ በአጉሊ መነጽሩ ስታይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ታያት። አራቱ ሳቱ ብላ ደነገጠች። እየሮጠች ሄዳ ወረቀቱን ነቀለችው፤ አምስቱም እዚያችው ናቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣ የሸሚዝ ቁልፍ በማታክል ቀዳዳ ውስጥ።

«ዶርሲ! ዶርሲ! ውጣ!»

ዶርሲ እባብ ያየች መስሎት አካፋ ይዞ ወጣ። ወረቀቱን አሳየችው።

«እኔ አርባ ዓመት ያቀረብሽልኝን ሁሉ ዝም ብዬ እበላለሁ» አለ ዶርሲ፤ «እሱ በገባ በወሩ መርጦ ይበላል።»

ከዚያ ወዲህ ከአረንጓዴው በስተቀር ሌላ አላጎረሰችውም። በሁለት ወር አንድ ሺህ ተኮሰች። የተሰነቀረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የጥይት ካዝናውን በደንብ ሳትገፋው ቀርታ ነበርና በደብተሩ «የእኔ ጥፋት» ብላ ጻፈችበት።

ለአምስተኛው ቦታ ከሮይስ ጋር ተኩሳ የምትለይበት ቀን ቅዳሜ ነው። ዓርብ ከሰዓት ጠመንጃውን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ፈታታችው። ቆሻሻ አትወድም፤ ትምህርት ቤት እያለች ጣሪያውን ሳይቀር የምታስጠርግ ሴት ናት። የአፈሙዙን ውስጥ በብሩሽ አሸች፣ በማጽጃ ዘይት አጠበች፣ ነጭ ጨርቅ አሳለፈችበት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አልተወችውም። ብርሃን ላይ ይዛ ብታይበት እንደ መስታወት ያበራል። ደስ ብሏት ሳጥኑን ዘጋች።

ቅዳሜ የማኅበሩ ወጥ ቤት ለዶርሲ ተሰጠ። «ቦሎቄውን ማማሰል ብቻ ነው፤ የበቆሎ ዳቦውን በእኔ መጥበሻ ጋግረው» ብላ አዘዘችውና ወደ ሜዳው ወጣች። ደንቡ ቀላል ነው፤ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀት፣ ሁለት ዙር፣ በየዙሩ አሥር ጥይት፣ አንዱ ጥይት ቢበዛ አሥር ነጥብ። ከየዙሩ በፊት አፈር ላይ ለማሟሟቂያ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። በልማድ ሰው ሁሉ ሦስት ጥይት ብቻ ተኩሶ ዝም ይላል፤ ከዚያ በላይ ያንጫጫ እንደ ስግብግብ ነው የሚታየው። ኦፓልም ሦስት ተኩሳ ዝም አለች።

የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ኦርቪል በመነጽሩ አጎንብሶ ቆጠረ።

«ሮይስ ዘጠና ሁለት። ኦፓል ሰማንያ አራት።»

ኦፓል ወረቀቷን ማመን አቃታት። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ጠመንጃው አንድ ጊዜም አልተሰነቀረም፤ ግን የትናንትናው ጠመንጃ አልነበረም።

«አይዞዎት፣ ሚስ ኦፓል» አለ ሮይስ፤ እውነቱን ነው፣ አዝኖላታል። ይኼኛው ከቀልዱ በላይ አቃጠላት።

የሃያ ደቂቃ ዕረፍት ነበር። የምትቆምበት ስታጣ እግሯ ወደ ለመደው ወጥ ቤት ወሰዳት። ዶርሲ መጥበሻው ላይ ተጎንብሶ በቢላ ይፍቃል። የበቆሎ ዳቦው ታች ተጣብቆ፣ ላዩ ፈርሶ፣ እሱ ላብ አጥምቆታል።

«ምን አደረግከው?»

«እንጃ! እንዲያውም ጠዋት በሳሙናና በሽቦ አጥቤልሽ፣ ብር አስመስዬልሽ…»

«የብረት መጥበሻ በሳሙና? አንተ ሰውዬ! የሃያ ዓመት ቅባት እኮ ነው ያጠብክብኝ! ቅባቱን ከላይ ላዩ ካልጠጣ ብረት ራቁቱን ምን ሊሠራ…»

አፏን እንደከፈተች ቆመች።

ዶርሲ ያማት መሰለው። «ኦፓል? ትከሻሽ ነው?»

«ዶርሲ» አለች ቀስ ብላ፤ «እኔም አጥቤዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ጠመንጃውን! ጥይቱ ሰም የተቀባ ነው፤ ያንን ሰም አፈሙዙ ውስጥ ጠጥቶ ነበር አስተካክሎ የሚመታው። በሁለት ወር ያስለመድኩትን ትናንት ፍቄ አወጣሁት!»

ዶርሲ የጠመንጃ ነገር አይገባውም፤ የመጥበሻ ነገር ግን አሁን ገብቶታል። «ታዲያ እንደገና ቅቢዋ!» አለ።

«በሦስት ደቂቃ? አርባ ጥይት ካላለፈበት እኮ ሰሙ አይመለስም!»

«ያንቺ እኮ ዝም ብሎ ይተኩሳል፤ እንደነሱ ለያንዳንዱ ጥይት በእጅ እየተጎተተ አይደለም።»

ኦፓል ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። ጣቱ ላይ የበቆሎ ዱቄት እንዳለ ለዙሩ ከተዘጋጀው ሌላ አራት ካዝና አብረው ሞሉ፤ አርባ ጥይት፣ ሁሉም ከአረንጓዴው።

ኦርቪል «ማሟሟቂያ፣ ሦስት ደቂቃ!» ብሎ ሰዓቱን ተጫነ። ሮይስ እንደ ወጉ ሦስት ተኮሰ። ኦፓል ሦስት ተኮሰች፤ አራተኛውን ጨመረች፤ ከዚያ አላቆመችም። ታ፣ ታ፣ ታ፣ ታ። ካዝና አወጣች፣ ካዝና ከተተች። ቀለሁ እንደ በቆሎ ፍሬ በጎኗ ይፈስሳል። ወንዶቹ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ምን እያደረጉ ነው? ኦርቪል፣ ይሄ ይፈቀዳል?» አለ ሮይስ።

ኦርቪል ዓይኑን ከሰዓቱ አላነሣም። «ደንቡ ሦስት ደቂቃ ይላል። ስንት ጥይት እንደሆነ አይልም።»

ሠላሳ። ሠላሳ አምስት። ትከሻዋ ሞቀ እንጂ አልታመመም። ጠመንጃው አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰነቀረም፤ ይህንንም ሁሉም ሰው በጆሮው እየቆጠረ ነው። አርባኛው ሲወጣ ገና አሥራ አራት ሰከንድ ነበራት። የመጨረሻዎቹን አምስት የመታችበትን የአፈር ቦታ በመነጽሯ አየች፤ አንድ ጉድጓድ ነው።

«ጀምሩ!»

አሁን አልቸኮለችም። ተነፈሰች፣ ምላጩን ሳበች፣ የመታችውን አላየችም፤ እንደገና ተነፈሰች። ሰባተኛው ላይ ጥይቱ እንዳይከሽፍ ሰጋች። አልከሸፈም። ዘጠነኛው ላይ ከወጥ ቤቱ መስኮት ዶርሲ ጮክ ብሎ «ዘጠኝ!» ሲል ተሰማትና ከንፈሯን ነከሰች፤ እንደ ምንም ሳቋን ውጣ አሥረኛውን ለቀቀችው።

ኦርቪል ሁለቱን ወረቀቶች አነሣ። መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ አየ።

«ሮይስ ዘጠና። ድምር መቶ ሰማንያ ሁለት።» ወደ ሁለተኛው ወረቀት ዞረ። «ኦፓል… ዘጠና ዘጠኝ። የሳቅሽባት አሥረኛዋ ናት አንድ ያጎደለችሽ። ድምር መቶ ሰማንያ ሦስት።»

መጀመሪያ የጮኸው ዶርሲ ነው፤ ማንኪያውን ይዞ በበሩ ወጣ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ጮኸ። ኦርቪል ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ፣ በተሰላፊዎቹ ዝርዝር አምስተኛ መስመር ላይ በትልልቁ ጻፈ፤ ኦፓል ቴነንት። ኦፓል ስሟን አንብባ ደግማ አነበበችው። ሽርጥ የሌለበት ቀሚሷን በእጇ ዳበሰች፤ ሌላ ምን እንደሚደረግ አላወቀችም።

ሮይስ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ጆሮው ቀልቷል። እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው። አልሄደም።

«ሚስ ኦፓል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «አንድ ካዝና… አንዷን ብቻ… ያስተኩሱኛል?»

«ካሮትህን ትበላለህ?»

«እበላለሁ።»

ሰጠችው። ሮይስ በዚያ ግዙፍ ትከሻው ላይ ሰደፉን አስረዝሞ ለጠፈውና አሥሩን በአንድ ትንፋሽ አንጣጣቸው። ዞር ሲል ፊቱ የስምንት ዓመት ልጅ ፊት ነበር። ከኋላው ሰልፍ ተሠርቷል፤ ሲቀልዱ የነበሩት ሁሉ። አንዱ ስለ ሰደፉ ይጠይቃል፣ አንዱ ይሰነቀራል ወይ ይላል።

«በባልዲው ጥይት ከመቶ ስድስት ይሰነቀራል ወይም ይከሽፋል» አለች ኦፓል፤ «አልዋሽም። በአረንጓዴው ከሺህ ሁለት፤ እሱም የእኔ ጥፋት ነው። አፈሙዙን አብዝቶ ማጠብ ግን ነውር ነው።»

ሦስተኛው ሰው ተኩሶ አራተኛው ካዝና ሲሞላ ካርቶኑን አየችው። ግማሹ አልቋል። ዘልላ ነጠቀችውና ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘችው።

«በቃ! ኧረ በቃ፣ እናንተ ሆዳሞች! የቀረውን ለሃከል ሪጅ አስቀሩልኝ፤ የሚመጣው ቅዳሜ እኮ እኔ ተኳሽ ነኝ!»