የአጎቴ እጅና የማይታየው አቧራ

ዛሬ ቡታጅራ፣ ዓይናቸው የጠፋው አጎቴ በርበሬ የሞላበት ጆንያ ውስጥ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱና "ውስጡ ሞቋል፤ ዘርግፉት" አሉ።

ላዩ ደህና ነበር። ሲዘረገፍ ግን መሃሉ ሻግቷል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አንተስ፣ አሁንም አቧራ ነው የምታጠናው?" አሉኝ። (ዘመዶቼ "ለአቧራ የጉብሬ መንገድ መች አነሰህ!" እያሉ ይስቁብኛል።)

"አዎ ሐጂ፣ የትንንሽ ጋላክሲዎችን ቀዝቃዛ አቧራ። በዓይን ስለማይታይ የሌለ ይመስላል። በሩቅ ኢንፍራሬድ፣ ሙቀትን በሚያሳይ ብርሃን፣ ስናየው ግን ያቺ ትንሽ ሙቀቱ መኖሩን ትናገራለች።"

"እኔንም ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ሰው የለም ብሎ ትቶኛል" አሉ።

ከምኖርበት ከጉብሬ ቡታጅራ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ርቀት ያለ አቧራ ስፈልግ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኳቸውም።

እናንተስ፣ እንዲህ የተዋችሁት ሰው ማነው?