በእመት በላይነሽ ደጅ ያልደረሰው ቅርጫት

ዛሬ፣ በዘመን መለወጫ ጠዋት፣ የልጅ ልጄ ጥሩነሽ ጎንጉና ደጃፍ ያኖረችውን የአበባ ቅርጫት የታጨደ ሣር መስሎኝ በቅሎዬን አበላኋት። በቅሎዋ አደዩንም ቅርጫቱንም አጣጥማ ስትጨርስ ልጅቱ አለቀሰች።

"አባባ፣ የእማማ ድንቄ ነበር እኮ! አሁን የሳቸውን ደጅ ዘልለን ልናልፍ ነው?"

ሳቄን ተውሁት። ደጅ መዝለል ምን እንደሆነ አውቃለሁና። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሁልጊዜ የምናዘዘው የባቄላ እሸት መስረቄን ነው፤ ምስኪኑ ቄስ ከዚያች ማሳ ስንት ዓመት ሲፈታኝ ኖረ!

ነገሩ አንኮበር ነው፤ ንጉሡ ወደ እንጦጦ መውጣት በጀመሩበት ዘመን። የሰፈራችን ልጃገረዶች እርጥብ ሰንበሌጥ እየጎነጎኑ ለየቤቱ አንዳንድ ቅርጫት ይሠሩ ነበር። አደይ ሞልተው እየዘፈኑ ያደርሳሉ። መርዶ ያለበት ቤት ግን አይዘፈንም፤ ድምፅ አጥፍቶ ማለፍ ነው። እኔ ደግሞ ጎረቤላ መንደር የምወዳት ልጅ ነበረችኝ፤ ባዶ እጄን መሄድ አፈርሁ። መጎንጎን አላውቅም። መዋሸት አውቃለሁ።

እኅቴን አስካለን፣ "የእመት በላይነሽን ደጅ እለፉት። ልጃቸው ተሰማ በዘመተበት ሞቷል፤ መርዶው ገና አልተነገራቸውም" አልኋት።

"ከማን ሰማህ?"

"ከአንድ የአልዩ አምባ ጨው ነጋዴ።"

እንዲህ ያለ ነጋዴ እናት አልወለደችም። አስካለ እያለቀሰች የእመት በላይነሽን ቅርጫት ለእኔ ሰጠችኝ።

እመት በላይነሽ ዳቦ ቆርሰው ደጃፋቸው ተቀምጠው ነበር። ዘፈኑ ቀረበ፤ በራቸው ሲደርስ ጠፋ፤ ከአጥራቸው ወዲያ እንደገና ተነሣ። ብድግ ብለው ልጆቹን አዩዋቸው። አንዷም ቀና አላለችም። ያን ጊዜ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እኔ ቅርጫቱን ከጀርባዬ ይዤ ከአጥሩ ሥር ነበርሁ።

ጎረቤት በጩኸታቸው ተሰበሰበ።

"ማን ነገረዎት?"

"ልጆቹ።"

"ምን ብለው?"

"ዝም ብለው።"

"ዋሽቻለሁ" የምትል አንዲት ቃል ምን ያህል ብትከብድ ነው? ልጅ ነበርሁ አልላችሁም፤ ጢሜ አቀምቅሞ ነበር። ግርፋት ፈራሁ። ደግሞም፣ ጉዴን ስሙ፣ አበባው እንዳይጠወልግብኝ ቸኮልሁ። የጎረቤላዋ ልጅ ግን ቅርጫቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ "ይህን ያንተ እጅ አልጎነጎነውም" ብላ ለጥጃ ጣለችው።

እመት በላይነሽ ፀጉራቸውን ተላጩ፤ እህል እምቢ አሉ፤ ጥቅምት ሳይወጣ ቀበርናቸው። ተሰማ ኅዳር ላይ እየዘፈነ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ተሰማ ወሬውን ከአስካለ ሰምቶ፣ ገበያ በቆመ ቁጥር ያን ነጋዴ ፍለጋ አልዩ አምባ ይወርድ ጀመር። እኔንም ይዞኝ ይወርዳል፤ መልኩን የማውቀው እኔ ነኛ! በጨው ነጋዴዎቹ መካከል እየመራሁት እዞራለሁ።

"ይኸኛው ነው?"

"አይደለም።"

"ያኛውስ?"

"እሱም አይደለም።"

"ለመሆኑ ምን ይመስላል?" ይለኛል።

"ክፉ ሰው አይመስልም" እለዋለሁ።

እንዲህ ስንወጣ ስንወርድ አብረን አረጀን። ተሰማን የዛሬ ሦስት ዓመት በትከሻዬ ተሸክሜ ቀበርሁት። እስከ መጨረሻው እኔን ከመጠየቅ አልቦዘነም፤ እኔም "አይደለም" ከማለት። ዛሬም ልጃገረዶች ወደ ደጄ ሲመጡ ዘፈኑ በሬ ላይ ሲደርስ የሚጠፋ ይመስለኛል። ሳያቋርጡ ሲገቡ ደግሞ ይብስብኛል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለቱም አፈር ናቸው። ጥሩነሽ አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ "አባባ፣ እንዲህ አይደለም!" እያለች መጎንጎን አስተማረችኝ፤ እንደ እኔው የተንጋደደ ቅርጫት ሠርቼ የበቅሎዬን ጥፋት ለእማማ ድንቄ ካስሁ። በእመት በላይነሽ ደጅ ግን ዛሬ ሳማ በቅሎበታል። ለእርሳቸው አደይ የሞላበት አንድ የሰንበሌጥ ቅርጫት አለብኝ።